ለእንጨት የተሰፋ ቀሚስ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ የባህል ልብስ ሱቆቹ ተደርድረው በሚያልቁበት አካባቢ አንድ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነበር። ታሪኩ ስሙን አልያዘውም፤ የሱቁን መልክ ግን ይዞታል። ከመስታወቱ ጎን ከወይራ የተጠረበ የሰው ቅርጽ ቆሟል፤ ትከሻው እኩል፣ ወገቡ ሸንቃጣ፣ እግሩ ቀጥ ያለ። እዚያ ሱቅ የሚሰፋን ልብስ ሁሉ መጀመሪያ የሚለብሰው እንጨቱ ነው። እንጨቱ ላይ አምሮ ከወረደ ሥራው አለቀ፤ ካላማረ ይፈታል። ደንበኛ መጥቶ "እዚህ ጋ ይይዘኛል" ካለ፣ ሰፊው ልብሱን አስወልቆ እንጨቱ ላይ ይሰቅለውና "እስቲ ተመልከት፣ ምን ጎደለው?" ይለዋል። ምንም አይጎድለውም። ደንበኛውም ሆዱን ስቦ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል።

ሰፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ከሚያወሩት አንዳንዶቹ ጨካኝ አድርገው ስለሚስሉት ነው፤ ጨካኝ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ክር አይሰስትም፤ ቀጠሮ አያፈርስም፤ የሰው ጨርቅ አያስቀርም። የጎበጡ ሽማግሌ ኮት ሊያሰፉ መጥተው "ቀና ይበሉና ልለካዎት" ሲላቸው በፍጹም ትሕትና ነው። ቀና ማለት ቢችሉ ኖሮ ኮቱን ከተሰቀለው ገዝተው ይሄዱ ነበር። ከዘነበወርቅ የመጡ፣ ጣቶቻቸውን ሥጋ ደዌ ያጣመመባቸው እናት ሸሚዛቸው ያለ ቁልፍ እንዲሰፋላቸው ሲጠይቁት "እማማ፣ ቁልፍ የሌለው ሸሚዝ እኮ ሸሚዝ አይባልም" አላቸው፤ ይህንንም ያለው እየሳቀባቸው አይደለም። የስፌቱ መገጣጠሚያ ቆዳውን በነካው ቁጥር ልጇ እየጮኸ ልብሱን የሚያወልቅባት እናት ደግሞ መጣች። "ልጅ ነው፣ ይለምዳል" ብሎ መለሳት። ሦስቱም ከዚያ በር የወጡት ጥፋቱ የገላ ነው የሚል ሐሳብ ይዘው ነው። እኔን ከሰፊው ትሕትና ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ በትሕትና የተነገረን ነገር ሰው አምኖት ቤቱ ይገባል።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሰፈሩ ለጥር ሰርግ ሲጣደፍ፣ አንዲት ወጣት በዊልቸር መጣች። ለመልሷ የምትለብሰውን ቀሚስ ከነካባው ልታሰፋ ነው። ጨርቁን ይዛለች፤ ከሱቁ ማዶ ያለው የዶርዜ ሸማኔ ከፈትል የሠራላት፣ ጥበቡ ከአንገት ተነሥቶ እስከ ጫፍ የሚወርድ።

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ግራ ገባው። "ደገፍ አድርገውሽ ትንሽ ብትቆሚልኝ?"

"አልቆምም፣ ጋሼ። ተቀምጬ ነው የምውለው፤ መልሱም ላይ ተቀምጬ ነው የምታየው።"

"ግድ የለም፣ ቁመትሽን በዓይኔ እገምተዋለሁ።"

ገመተ። ሰፋ። እንጨቱ ላይ ሲወጣ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አየው።

በመልሱ ቀን ልጅቷን ለማልበስ ሁለት አክስቶቿ ከወንበሩ አንሥተው ይዘዋት፣ እናቷ ቀሚሱን በጭንቅላቷ አጠለቁላት። ስትቀመጥ የፊቱ ጨርቅ ሆዷ ላይ ተከመረ፤ አንገቱ ወደ ጉሮሮዋ ወጣ። የኋላው ደግሞ ታች ተጎትቶ ጀርባዋን ለብርድ ሰጠው። ጉልበት ሲታጠፍ ቁመት ይበላል፤ ስለዚህ እግሯን ሊሸፍን የተሠራው የቀሚሱ ጫፍ ባቷ ላይ ቀረ። ያ ከአንገት እስከ ጫፍ የሚወርደው ጥበብ መሐሉ ላይ ተሰብሮ የተጨማደደ ወረቀት መሰለ። ካባው ከጀርባዋና ከወንበሩ መደገፊያ መሐል ተጠቅልሎ ወደ ፊት ገፋት። አዳራሹ በር ላይ ደግሞ ጫፉ ጎማው ውስጥ ገባና ጥልፉ ተተረተረ። እናቷ ያላቸው መላ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ጉልበቷ ላይ ጣሉላት። የሙሽራ ጥበብ በጋቢ ተሸፍኖ ዋለ። የዚያን ቀን ፎቶዎች ሁሉ ከደረት በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ ላድርገው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚደነግገውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕንፃ መወጣጫ፣ ስለ ሊፍት፣ ስለ ትምህርት ቤት ይነገራል፤ የተሠራው ከሚገባው በታች ቢሆንም ቢያንስ ይነገራል። ስለ ልብስ ግን ሲነገር የሚሰማ የለም፤ ቅንጦት ይመስለናል። ሰው ግን ሕንፃው በር ላይ ከመድረሱ በፊት መልበስ አለበት። ለማልበስ ሁለት አክስቶችና አንዲት እናት የሚያስፈልጉት ልብስ፣ ያቺን ሴት መወጣጫው ጋ ሳትደርስ ቤቷ ያስቀራታል።

ልጅቷ ከመልሱ በኋላ ሰፊውን በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት ከሰሰችው። ገንዘቤ ይመለስልኝ አላለችም። "ለኔ የተሰፋ ቀሚስ ይሰጠኝ፤ የከፈልኩት ለእሱ ነው" ነው ያለችው። ሽማግሌዎቹ በዕድሩ አዳራሽ ተሰየሙ። ሰፊው እንጨቱን በረዳቱ አሸክሞ መጣ፤ ቀሚሱንም አልብሶ መሐል ላይ አቆመው። "አባቶቼ፣ ዓይናችሁ ይፍረድ። አንድ የተዛነፈ ስፌት ካገኛችሁ መርፌዬን እሰብራለሁ" አለ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ዞሩት። ገበሩን ገልብጠው አዩ፣ ጥልፉን ዳሰሱ። ስፌቱ አልተዛነፈም።

ልጅቷም እንደ በላ ልበልሃው ዘመን ሙግቷን ጀመረች።

"ተጠየቅ!"

"ልጠየቅ" አለ ሰፊው።

"ቀሚሱን ያዘዘው ማነው?"

"አንቺ።"

"የከፈለውስ?"

"አንቺው።"

"የተለካው ማን ላይ ነው?"

ሰፊው እንጨቱን አየና ዝም አለ።

"እንግዲህ አባቶቼ፣ እኔ ለብሼው የዋልኩት ተቀምጬ ነው። እሱም ይቀመጥና ልብሱ ያን ጊዜ ይታይ። ይቀመጥ በሉት።"

ረዳቱ ወንበር አመጣ። እንጨቱን ወደ ኋላ ቢያጋድለው በወንበሩ ጠርዝ እንደ ተደገፈ ጣውላ ሆኖ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ጥያቄውን ተቀበሉ።

"አይቀመጥም?"

"እንጨት እኮ ነው፣ አባቴ።"

"ልጅ አያጠባም? አይወፍርም? ታሞ አይከሳም? ለቅሶ ቤት ሄዶ አያመሽም?"

"አያደርግም።"

"ታዲያ ልብስ ምን ያደርግለታል?"

ሸማኔው ምስክር ሆኖ ቀረበ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ፣ በእግር ጣቶቹ የእቃውን ገመድ እየሳበ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው፤ ስለ መቀመጥ ከሱ የበለጠ የሚመሰክር የለም። "ሱሪዬ ከኋላ ይወርዳል፣ ከፊት ሆዴ ላይ ይጠቀለላል፤ ይህን ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ። ሰፊውም ያውቀዋል፤ ሲንጀሩ ላይ ተቀምጦ አይደል የሚውለው? የራሱን ሱሪ ወገብ በቀን ስንቴ ወደ ላይ እንደሚጎትት እኔ ከማዶ አየዋለሁ" አለ። ቀጥሎ የተናገረው የታሪኩ እምብርት ይመስለኛል። "እኔ የሰጠኋት አራት ማዕዘን ሸማ ነው። ያን ሸማ ነጠላ አድርጋ ብትለብሰው ይሆናት ነበር፤ ለእናቷም ይሆናል፤ ለጎበጡትም ቀና ላሉትም ይሆናል። ሸማዬ ማንንም አልመለሰም። ሰው መመለስ የጀመረው መቀሱ ካረፈበት በኋላ ነው።"

ሸማኔው ያለው እውነት ነው። ሁለት እጥፉ ነጠላም ሆነ አራት እጥፉ ጋቢ ልክ የለውም፤ ለባሹ ያጣፋዋል፣ ያደገድግበታል፣ ሲያዝን ይዘቀዝቀዋል። ገላው ያዛል፣ ጨርቁ ይታዘዛል። ልብስ ተቆርጦ ሲሰፋ ግን ቆራጩ አንድን ገላ በልቡ ይይዛል፤ ያ ገላ የማን እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ለፋብሪካ ልብስም ነገሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ በሽሮ ሜዳው እንጨት ምክንያት የተመለሱት ጥቂት መሆናቸው ብቻ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ሊያበርዱ "ሰፊው ለነፍሱ ብሎ በነጻ ይስፋላት፣ እናንተም ታረቁ" አሉ። ልጅቷ ግን "ምጽዋት አልጠየቅኩም" አለች። "በነጻ የተሰፋ ልብስ ጠበበኝ ብዬ መመለስ አልችልም።" ፍርዱ በዚሁ ተሰጠ። ሰፊው ከበሩ የመለሳቸውን ሰዎች ሁሉ ጠርቶ እንዳሉ ይለካቸዋል፤ እነሱም እንደማንኛውም ደንበኛ ይከፍላሉ፤ ካልሆናቸው እንደማንኛውም ደንበኛ ይመልሳሉ። የልጅቷ ቀሚስ ለፋሲካ ይደርሳል።

ሰፊው ሱቁን ዘግቶ ሠራ፤ ለልጅቷም አዲስ ልብስ ይዞ መጣ። ከአቡጀዲ የተሰፋ፣ ሰፊ፣ ከኋላው ከላይ እስከ ታች ክፍት ሆኖ በማሰሪያ የሚታሰር። ለመልበስ ከወንበር መነሣት አይጠይቅም፤ አይይዝም፣ አይጎትትም። ደስ ብሎት ዘረጋላት። ልጅቷ ጨርቁን አገላብጣ አየችው።

"ጥበቡስ?"

"ምቾት አይደለም እንዴ የጠየቅሽው?"

"ጋሼ፣ ፋሲካን ሆስፒታል ነው እንዴ የምውለው?"

ብዙ ሰው እዚህች ቦታ ላይ የሰፊውን ወገን ይይዛል፤ "ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?" ይላል። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። የመጀመሪያው ቀሚስ ገላዋን ረሳ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከገላዋ በቀር ሌላውን ሁሉ ረሳ። ሙሽራ እንደሆነች፣ በዓል እንዳላት፣ እንደ እኩዮቿ መታየት እንደምትወድ የሚያውቅ ልብስ አልነበረም። በሌላ አገርም ይህን የተረዱ ነበሩ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 ሄለን ኩክማን የተባለች የልብስ ንድፍ ባለሙያ በአንድ የተሐድሶ ሕክምና ተቋም ከሕሙማን ጋር ጥናት ጀምራ፣ በክራንችና በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎች ራሳቸው የሚለብሷቸውን ልብሶች ነደፈች። ልብሶቹ ከሌላው ሰው ልብስ ተለይተው እንዳይታዩ ተጨንቃበታለች፤ መክፈቻው አለ፣ አይታይም።

ሰፊው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ሜትሩን ከማንሣቱ በፊት በርጩማ ስቦ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ መጀመሪያ የምታጠልቀው የትኛውን እንደሆነ፣ የትኛው እጇ እንደሚበረታ፣ መንገድ ላይ ልብሷ የት የት እንደሚያዝ ጠየቃት። ከዚያ ለካ፤ ከአንገት እስከ ወገብ በፊት፣ ከአንገት እስከ መቀመጫ በኋላ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ብሎ የለካው ቁመት እዚያ ሦስት ቦታ ተከፈለ። የፊቱን ከወገብ አሳጥሮ ከጉልበት በታች አስረዘመው፤ የኋላውን ከፍ አደረገው። እጅጌውን ጎማ እንዳይዘው ከክርን በታች አጠበበው። ከጭኗ ሥር የሚያልፈውን ወፍራም መገጣጠሚያ አወጣው፤ ተቀምጦ ለሚውል፣ በተለይም ታችኛው ገላው ለማይሰማው ሰው፣ አንዲት የምትጎረብጥ ስፌት ቆዳ ታቆስላለች፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ካባውን ለሁለት ከፈለው፤ የኋላው መቀመጫው ላይ ሳይደርስ ያበቃል፣ የፊቱ ጉልበቷን አልፎ ይወርዳል፣ ትከሻ ላይ ይጋጠማሉ።

መክፈቻው የት ይሁን የሚለው ግን አላለቀለትም። ያን ጊዜ ከዘነበወርቅ የመጡት እናት፣ ለራሳቸው ሸሚዝ ሊለኩ ተራ እየጠበቁ ሳለ፣ "ጥበቡ ሥር አይሆንም?" አሉ። የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ከተቋቋመ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት ሕክምና ፍለጋ መጥተው እዚያው ዘነበወርቅ ከቀሩት ቤተሰቦች መሐል ጥልፋቸው ስመ ጥር የሆነ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እኚህ እናት አንዷ ነበሩ። ጣታቸው ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም፤ መርፌ ቢወጋቸው ደሙን ሲያዩ ነው የሚያውቁት። ስለዚህ የሚጠልፉት ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳይነቅሉ ነው። ቀሚሱን ከብብት እስከ ዳሌ በጎን አስከፈቱት፤ መክፈቻው ላይ በመጫን የሚገጥሙ ቁልፎች አስደረደሩ፤ ከላዩ የጥበቡን መስመር አስቀመጡና ጫፍና ጫፉን ጠለፉት። ሲዘጋ መስመሩ ሌላ ጌጥ ይመስላል። ለራሳቸው ሸሚዝ ደግሞ ዚፕ መረጡ፤ በመዳፋቸው እንዲስቡትም ጫፉ ላይ የክር ቀለበት ሠሩበት። ሰፊው ከዚያች ቀን ጀምሮ ሸሚዝ አይባልም የሚለውን ነገር አልደገመውም።

ሌሎቹም መጡ። ግማሽ ጎናቸው የደከመ አዛውንት ኮታቸው በደከመው እጅ ተጀምሮ በበረታው እንዲለበስ፣ ሲወልቅም የደከመው እጅ መጨረሻ እንዲወጣ ሰፋ ያለ እጅጌ ተሠራላቸው። ለሚጮኸው ልጅ ካናቴራው ተገልብጦ ተሰፋለት፤ መገጣጠሚያው ወደ ውጭ ወጥቶ በጥበብ ተሸፈነ፤ ጨርቁም እስኪለሰልስ ታጠበ። አንድ ዓይነ ስውር መምህር ነጩን ሸሚዝ ከጥቁሩ የሚለይበት የክር ቋጠሮ አንገቱ ውስጥ እንዲደረግለት ጠየቀ። ሰፊው ይህን ለማድረግ ከመርፌና ከክር ሌላ አላስፈለገውም፤ ለምን እስከዚያ ቀን ማንም እንዳልጠየቀው ግን ሲያስብ አመሸ። መልሱን እኔ ልንገረው፤ ጠይቀውት ነበር። ሲጠይቁት እንጨቱን አሳያቸው።

በዚህ ሁሉ መሐል ሰፊው አንድ መላ የመጣለት መሰለው። ረዳቱን "ወደ ጠራቢው እንሂድ፤ የተቀመጠ እንጨት እናስጠርብ። አንዱ ለቆሙት፣ አንዱ ለተቀመጡት ይሁን" አለው። ከዘነበወርቅ የመጡት እናት መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ሁለት እጃቸውን አነሡ። "እኔ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁም። የኔ እጅ የትኛው እንጨት ላይ አለ?" አሉት። ጠራቢው ዘንድ አልሄዱም።

ለፋሲካ ልጅቷ ቀሚሱን ራሷ ለብሳ፣ ራሷ ዘግታ ወጣች። ጥበቡ ከአንገቷ ተነሥቶ ጉልበቷን አልፎ እስከ ጫማዋ ወረደ። ከበዓሉ በኋላ ወደ ሱቁ ስትመለስ ግን ልታመሰግን አልነበረም፤ የብብቱ ቁልፍ አንዱ ላልቷል። ሰፊው እያጠበቀላት ሳለ ሌሎቹን ልብሶች እንዴት እንደሚቆርጥ ትነግረው ጀመር። ይህ እየተደጋገመ ሄዶ በመጨረሻ ልኬት የምትወስደው እሷ ሆነች፤ በድርሻ ሠሩ። ታሪኩን የሚያወሩልን አብዛኛውን ጊዜ ፋሲካ ላይ ያቆሙታል። እኔ ግን ይህን የበለጠ እወደዋለሁ፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ መቀስ የያዘው እጅ ማን እንደሚለብስ የሚያውቅ እጅ ሆነ።

ወሬው መርካቶ ደረሰና አንድ ነጋዴ መጣ። የጎን መክፈቻ ያለውን ቀሚስ አይቶ በጅምላ ሊወስድ ፈለገ። "ለብቻው መደርደሪያ አዘጋጅቼ 'ለአካል ጉዳተኞች' ብዬ እለጥፍበታለሁ። ዋጋውም ከሌላው ከፍ ይላል፤ ሌላ የት ያገኙታል?" አለ።

"እኛ ከሌላው ጋር ነው የምንሰቅለው" አለች ልጅቷ። "በሌላው ዋጋ።"

"ታዲያ ማን ለይቶ ያውቀዋል?"

ነገሩን ሳይጨርሱ አንዲት ነፍሰ ጡር ገባች። የተሰቀሉትን አንድ በአንድ እያየች ሄዳ ያንን ቀሚስ አወረደችው። የጎኑን መክፈቻ ከፍታ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። ከወለደች በኋላ ለማጥባትም ይሆን እንደሆነ ጠየቀች።

"መክፈቻውን ትንሽ ወደ ደረት ካመጣነው ይሆናል" አለች ልጅቷ፣ ሜትሩን ከአንገቷ እያወረደች። "ቁጭ በዪ፣ ልለካሽ።"

"መጨረሻው ስንት ነው?"

ዋጋውን ነገረቻት።

"አይቀንስም?"

"አይቀንስም። ጥበቡ እንዲሰፋ ከፈለግሽ ግን ሸማኔው ማዶ ነው፤ ጨርቁ ሳይቆረጥ አሁኑኑ ንገሪው።"